በኦፕ-አምፕ ሁለት መግቢያዎች መካከል ሬዚስተር ሲገባ ጌይኑ ለምን አይቀየርም?

ጥያቄ፦
ሰላም ወገኖች፣ አንድ ጥያቄ ላይ ተጣብቄያለሁ። ተራ ኢንቨርቲንግ አምፕሊፋየር (ሲግናልን ገልብጦ የሚያጎላ የኦፕ-አምፕ ሰርኪዩት) ነው። የመግቢያው ሬዚስተር 10 ኪሎ ኦም፣ የፊድባኩ 100 ኪሎ ኦም፣ የኦፕ-አምፑ ፕላስ መግቢያ ግራውንድ (ዜሮ ቮልት) ላይ። ጌይኑ (መውጫው የመግቢያው ስንት እጥፍ እንደሆነ) -10 እንደሆነ ገብቶኛል። ግን በማይነስና በፕላስ መግቢያዎቹ መካከል 1 ኪሎ ኦም ጨምረውበታል። እኔ ከ10 ኪሎው ጋር ቮልቴጅ ዲቫይደር ይሆናል ብዬ ሳሰላ ከ1 በታች ወጣልኝ፤ መልሱ ግን አሁንም -10 ነው ይላል። የቱ ጋ ነው የሳትኩት?

መልስ፦
ዲቫይደሩ ላይ። ማይነሱ ዝም ብሎ የተተወ ነጥብ አይደለም እኮ፤ ኦፕ-አምፑ በፊድባኩ በኩል ዜሮ ላይ ይዞታል። ስለዚህ የ1 ኪሎ ኦሙ ሁለቱም ጫፎች ዜሮ ቮልት ናቸው፣ ከረንት አያልፍበትም። 1 ቮልት ስታስገባ በ10 ኪሎው 0.1 ሚሊአምፕ ይገባል፣ ሌላ መሄጃ ስለሌለው ሙሉው በ100 ኪሎው ያልፋል፣ መውጫው -10 ቮልት ይሆናል። አለቀ።

ሌላ መልስ፦
ለፈተና ልክ ነው፣ ለቦርድ ግን አይበቃም። ሬዚስተሩ ሲግናሉን ባይነካም ወደ ማይነሱ የሚመለሰውን ፊድባክ ይቀንሳል። 10 ኪሎና 1 ኪሎ በፓራለል 909 ኦም ናቸው፣ ስለዚህ ኖይዝ ጌይኑ (ኦፕ-አምፑ የራሱን ኖይዝና ስህተት የሚያባዛበት ጌይን) ከ11 ወደ 111 ይዘላል። 741 የሚባለውን ኦፕ-አምፕ ብትጠቀም፣ ጌይን-ባንድዊድዙ (የኖይዝ ጌይንና የባንድዊድዝ ብዜት) 1 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ፣ 91 ኪሎ ኸርዝ የነበረው ባንድዊድዝ ወደ 9 ይወርዳል። 2 ሚሊቮልት ኦፍሴት (በመግቢያዎቹ መካከል ያለ ትንሽ የቮልቴጅ ስህተት) ካለውም መውጫው ላይ 22 የነበረው 222 ሚሊቮልት ይሆናል። ይህን አውቀው የሚያስገቡም አሉ፤ እንደ ኤልኤፍ357 ያለ ከ5 በታች ጌይን ላይ የማይረጋጋ ኦፕ-አምፕን በዚህ ዘዴ ያረጋጉታል።

ጠያቂው፦
አሁን በራልኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ! ካፓሲተር ቢሆንስ?

መልስ፦
ያው ነው፣ ግን ፍሪኩዌንሲው ሲጨምር ኖይዝ ጌይኑም አብሮ ይወጣል፣ ፊድባኩም ይዘገያል፣ ኦፕ-አምፑ ኦሲሌት ማድረግ (በራሱ መወዛወዝ) ሊጀምር ይችላል። ከ100 ኪሎው ጎን ትንሽ ካፓሲተር በፓራለል ጨምርበት።

አንድ ነገር ልጨምር። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ኔጌቲቭ ፊድባክ ካለና መውጫው ሳቹሬት ካላደረገ (የቮልቴጁ ወሰን ላይ ካልደረሰ) ብቻ ነው። እንደ ኮምፓራተር (ያለ ኔጌቲቭ ፊድባክ ሁለት ቮልቴጅ ማወዳደሪያ) ከተጠቀምክበት ሁለቱ መግቢያዎች እኩል አይሆኑም፣ ያኔ 1 ኪሎ ኦሙ እውነተኛ ከረንት ይወስዳል። ኤንኢ5532 የሚባለው ኦፕ-አምፕ ደግሞ ውስጡ በመግቢያዎቹ መካከል ሁለት ዳዮዶች አሉት፤ ልዩነቱ ከ0.6 ቮልት ገደማ ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ ስለዚህ ለኮምፓራተር አትምረጠው።