ትልቁ «ኢ» እና የእጥበት መመሪያ በአንድ የሊቫይስ ሸሚዝ ላይ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ከሰልባጅ መሀል የወጣ የሊቫይስ ጂንስ ሸሚዝ ይዣለሁ፤ ዘመኑ አልገጥም ብሎኛል። የደረት ኪሱ ጠርዝ ላይ ባለው ቀይ ጨርቅ ስሙ በትልቁ የላቲን «ኢ» (LEVI'S ተብሎ) ተጽፏል፤ ይህ እ.ኤ.አ. በ1971 አካባቢ በትንሿ (Levi's) ስለተተካ ሸሚዙ ከዚያ በፊት የተሰፋ ይመስላል። ከውስጥ ጎኑ ላይ ግን የእጥበት መመሪያ የተጻፈበት ቁራጭ ጨርቅ ተሰፍቷል፤ አሜሪካ ይህን ግዴታ ያደረገችው በ1972 ነው። በማጉያ መነጽር ሳየው የመመሪያው ክር ከጎኑ ስፌት ጋር አንድ ነው፣ ትርፍ የመርፌ ቀዳዳም የለም፤ ስለዚህ በኋላ የተጨመረ አይደለም። ተጭነው ከሚዘጉት ቁልፎች የአንዱን ጀርባ ጽሑፍ ለማንበብ ዝገቱን በሆምጣጤ ሳሸው ሽፋኑ ተላጠ፤ ሌሎቹን አልነካኋቸውም። ኩባንያው የድሮ ሞዴሎቹን በትልቁ «ኢ» እንደገና ስለሚያመርት፣ የ1970ዎቹን መጀመሪያ ሸሚዝ ከድጋሚ ምርቱ ለመለየት መመሪያው ላይ ምን ልፈልግ?