ኢንዛይሙን ያቆማል፣ ባክቴሪያውን ግን አይነካም፤ ምን ልሞክር?

የኢ. ኮላይ ባክቴሪያን ዳይሃይድሮፎሌት ሪዳክቴዝ (ለዲኤንኤ ግንባታ የሚያስፈልገውን ፎሌት የሚያዘጋጅ ኢንዛይም) የሚያግድ ውህድ አለኝ፤ ሕያው ባክቴሪያ ላይ ሲደርስ ግን ጉልበቱ ይከዳዋል።

የኢንዛይም ልኬቱ በ340 ናኖሜትር ነው፦ ኤንኤዲፒኤች 100 ማይክሮሞላር፣ ዳይሃይድሮፎሌት 50 ማይክሮሞላር፣ ዲኤምኤስኦ 1 በመቶ፣ ፒኤች 7። የኢንዛይሙን ሥራ በግማሽ ለመቀነስ 0.2 ማይክሮሞላር ይበቃል። 0.01 በመቶ ትራይተን ኤክስ-100 (ጉጉልን የሚበትን ሳሙና መሰል ንጥረ ነገር) ሲጨመርም ቁጥሩ አልተነቃነቀም፤ ስለዚህ ውህዱ እየተጓጎለ ያሳሳተኝ አይመስለኝም።

በሙለር ሂንተን ብሮዝ (ባክቴሪያ የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ) ግን በሚሊሊትር 128 ማይክሮግራም እያለም ባክቴሪያው እንደ ልቡ ያድጋል። መድኃኒት ወደ ውጭ የሚገፋው ፓምፕ አካል የሆነው የቶልሲ ጂን የተሰረዘበት ዝርያ በ32 ቆመ። ፓምፑ የተወሰነውን እያስወጣ ነው ማለት ነው፤ ነገሩን ሁሉ ግን አያስረዳም።

የሚያጠራጥረኝ ብሮዙ ነው። ለማነጻጸሪያ የገባው ትሪሜቶፕሪም (ይህንኑ ኢንዛይም የሚያግድ የታወቀ መድኃኒት) ራሱ የመሞከሪያ ሳህኑን ጉድጓድ አላጠራም፤ ከታች ስስ ጭጋግ ቀርቷል። ታይሚዲን (የዲኤንኤ ግብዓት) ከብሮዙ ያገኘ ሕዋስ የፎሌቱ መንገድ ቢዘጋበትም ይንገዳገዳል እንጂ አይቆምም።

ታይሚዲንን የሚሰብረውን ኢንዛይም ታይሚዲን ፎስፎሪሌዝ መጨመር ይበቃል ወይስ ታይሚዲን ወደሌለበት ቀላል ምግብ፣ ወደ ኤም9 ልዙር? የውጭውን ሽፋን ድርሻ ለመለየትስ ሽፋኑን የሚያሳሳውን ፖሊሚክሲን ቢ ኖናፔፕታይድ በምን መጠን ትጠቀማላችሁ? ፎልኤን (ይህንኑ ኢንዛይም) አብዝቶ የሚያመርት ዝርያ ላይ መሞከሩን ለመጨረሻ አቆይቼዋለሁ፤ አሁን በ128 የማይሠራ ነገር ከዚያ በላይ ቢወጣ በምን ይታያል?