መድኃኒቱን የሚለምደው ሰውነት ነው ወይስ ቫይረሱ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ወደ ፋርማሲ የሚመጣ ሰው «ሰውነቴ መድኃኒቱን ለመደው» ይላል። የኤችአይቪ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው እንዴት ይብራራል? ቲኤልዲ (ቴኖፎቪር፣ ላሚቩዲንና ዶሉቴግራቪር በአንድ ኪኒን) እየወሰደ ቫይራል ሎዱ (በደሙ ያለው የቫይረስ መጠን) በሚሊሊትር ከ1,000 ቅጂ በላይ የወጣስ መድኃኒቱ ወዲያው ይቀየርለት?

ጦሳ፦ ሰውነት አይለምድም፤ የሚለወጠው ቫይረሱ ነው። ዘረመሉን የሚገለብጠው ኢንዛይም ስህተቱን መልሶ አያርምም። ዘረመሉ ወደ 9,700 ፊደል ነው፤ ሕክምና ባልጀመረ ሰው ውስጥ በቀን እስከ 10 ቢሊዮን ቫይረስ ይመረታል። ስለዚህ አንዲት ፊደል የተሳተችበት ቫይረስ ኪኒኑ ከመዋጡ በፊትም አለ። ኬ103ኤን የሚባለው የአንዲት ፊደል ለውጥ ኤፋቪሬንዝና ኔቪራፒን የሚባሉትን የኤችአይቪ መድኃኒቶች ከጥቅም ውጭ ያደርጋል፤ ኤም184ቪ ደግሞ ላሚቩዲንን። መድኃኒቱ ሌላውን እንዳይባዛ ሲያግድ የተለወጠው ብቻ ሜዳውን ያገኛል። ሦስት መድኃኒት በአንድነት የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ ከአንዱ ያመለጠው በሁለቱ ይያዛል። አንድ ቀን ውጦ ሁለት ቀን መዝለል ክፉ ነው፤ መድኃኒቱ ቫይረሱን ለማቆም አይበቃም፣ የተለወጠውን ለመምረጥ ግን ይበቃል።

ወሎዬዋ ነርስ፦ ቦርከና ወንድሜ፣ ወዲያው አይቀየርም። ዶሉቴግራቪርን መቋቋም ለቫይረሱ ከባድ ስለሆነ መጀመሪያ አወሳሰዱ ይጠየቅ። አሉሚኒየም ወይም ማግኒዚየም ያለበት የጨጓራ መድኃኒት አብሮ ከተወሰደ ዶሉቴግራቪር በደንብ አይመጠጥም፤ ዶሉቴግራቪሩ ከጨጓራው መድኃኒት 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ብረትና ካልሲየም ከምግብ ጋር ከሆነ አብረው ይዋጣሉ። ሪፋምፒሲን ያለበት የቲቢ ሕክምና ላይ ላለ ሰው ከ12 ሰዓት በኋላ ሌላ 50 ሚሊግራም ዶሉቴግራቪር ይጨመራል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይሄ ነው። በረመዳን በቀን አንዴ የሚወስድ በኢፍጣር ሰዓት ይውሰድ። ሁለቴ የሚወስድ ግን ጾሙ ሳይገባ ክሊኒኩን ያማክር፤ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር 12 ሰዓት አይሞላም። ከዚያ የተጠናከረ ምክር ተሰጥቶት፣ 3 ወር በትክክል ወስዶ ምርመራው ይደገማል።

ጦሳ፦ ልክ ነሽ እህቴ። አንድ ልጨምር፦ የቫይረሱ የዘረመል ምርመራ ከታዘዘ ሰውዬው መድኃኒቱን ሳያቋርጥ ደሙ ይቀዳ። ካቋረጠ ያልተለወጠው ቫይረስ ተመልሶ ይበዛና የተለወጠውን ይሸፍነዋል። ውጤቱ ደህና ይመስላል፤ የተለወጠው ግን በተኙ ሴሎች ውስጥ ተቀምጧል። ለቫይራል ሎድም ቢሆን በኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቱቦ የተቀዳው ደም ፕላዝማው (ፈሳሹ ክፍል) በ24 ሰዓት ውስጥ ይለይ። ናሙናው የሚላክ ወደ ደሴ ከሆነ ለኮምቦልቻ ቅርብ ናት፤ ዓርብ ከሰዓት ተቀድቶ ሳይለይ ሰኞ የሚደርስ ናሙና ግን አይታመንም።