ባቡር ውስጥ ሲሰድበኝ ማንም ቀና ብሎ አላየም፤ እናንተ ያላችሁበት አገር እንዴት ነው?

ኮልፌ ያደግኩ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ለሁላችሁ። ፍራንክፈርት ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ባለፈው ሳምንት የገጠመኝ ነገር ከውስጤ አልወጣ ስላለኝ ነው የምጽፈው።

ማክሰኞ ማታ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ከሥራ ወጥቼ ኮንስታብለርቫኸ ጣቢያ ላይ ኡ-ባን (የምድር ውስጥ ባቡር) ተሳፈርኩ። አንድ የጠጣ ሰውዬ ገባና ፊት ለፊቴ ቆመ። መጀመሪያ ከራሱ ጋር የሚያወራ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እኔን ነው። ስለ ቀለሜ፣ ወደ አገሬ ስለመሄድ፣ ሌላም እዚህ የማልደግመው ነገር ተናገረኝ። ቦርሳዬን በእግሩ ገፋው። ያቺ ያለችኝ ጀርመንኛ እንኳ ጥፍት አለችብኝ። በፉርጎው ውስጥ አሥራ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ። ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። አንዱማ የጆሮ ማዳመጫውን ሲሰካ አየሁት። ሦስት ፌርማታ እንዲህ ሄድን። ሰውዬው ከወረደ በኋላ አንዲት አሮጊት መጥተው እጄን ያዙና ደህና መሆኔን ጠየቁኝ። እግዜር ይስጣቸው፤ ውስጤ ግን "እስካሁን የት ነበሩ?" ነው ያለው።

እኛ ሰፈር አንድ ሰው "ኧረ የሰው ያለህ!" ካለ ጎረቤት ነጠላውን ሳያጣፋ ይወጣል። "ሌባ! ሌባ!" ከተባለ የሚሮጠው ሰፈሩ በሙሉ ነው። እዚህ ግን ሰው መሀል ሆኜ ብቻዬን ነበርኩ።

አንድ ነገር ደግሞ ልናዘዝ። በነጋታው ጠዋት ዋናው ባቡር ጣቢያ ደረጃ ላይ አንድ ሰው ተጋድሞ ሰዉ እየዞረው ሲያልፍ አየሁ። እኔም ሰካራም ነው ብዬ አልፌው ሄድኩ። እንቅልፍ የነሳኝ ከስድቡ ይልቅ ይሄኛው ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ እንደነሱ ሆንኩ ማለት ነው?

እነዚህ ሰዎች ልባቸው ደንድኖ ነው ወይስ እኔ ያልገባኝ ነገር አለ? ቢደገምብኝስ ምን ላድርግ?

19 ዓመት በኑርንበርግ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ቤትሽ ገባሽ። የደረሰብሽ ነገር ቀላል አይደለም፣ ማንም ቀላል ነው እንዲልሽ አትፍቀጂ።

መጀመሪያ ደረጃው ላይ ስለተጋደመው ሰው ልንገርሽ። እዚህ አገር አደጋ ላይ ያለን ሰው መርዳት እየቻሉ ማለፍ ወንጀል ነው። የወንጀል ሕጋቸው አንቀጽ 323ሲ እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም የገንዘብ ቅጣት ያስቀጣል ይላል። ወረቀት ላይ ብቻ የቀረ ሕግም አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2016 ኤሰን ከተማ ውስጥ አንድ የ83 ዓመት አዛውንት የባንክ ገንዘብ ማውጫ ማሽን ያለበት ክፍል ውስጥ ወደቁ። ካሜራው ሁሉንም ቀርጾታል። አራት ደንበኞች በየተራ ገብተው፣ ተሻግረዋቸው ወይ ዞረዋቸው፣ ጉዳያቸውን ጨርሰው ወጡ። እርዳታ የጠራው አምስተኛው ነው። አዛውንቱ ከቀናት በኋላ አረፉ። በሚቀጥለው ዓመት ሦስቱ ከ2,400 እስከ 3,600 ዩሮ ተቀጡ። ቀድሞ ቢደረስላቸውም አይተርፉም ነበር ተብሎ በባለሙያ ተመስክሯል፤ ቢሆንም ይህ ተከሳሾቹን ከቅጣት አላዳናቸውም፣ ምክንያቱም የተከሰሱት ባለመርዳታቸው ነው። ሲጠየቁ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ቤት የሌለው ሰው የተኛ መስሎን ነው አሉ። አንቺም ሰካራም ነው ብለሽ ነው ያለፍሽው። እንዲህ የምልሽ ልወቅስሽ ብዬ አይደለም፤ ሰው እንዴት እንደሚያልፍ ከራስሽ ማየት ስለምትችዪ ነው። ክፋት አይደለም፤ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ለራስ የሚሰጥ ምክንያት ነው።

ከዚህ በኋላ እንደዛ ያለ ሰው ካየሽ ጠጋ ብለሽ ጮክ ባለ ድምፅ "ሃሎ፣ ይሰሙኛል?" በይ። ካልመለሰ 112 ደውዪ። ነፃ ነው። ጀርመንኛሽ ቢሰባበርም ግድ የለም፣ የት እንዳለሽና ምን እንዳየሽ ብቻ ንገሪያቸው፣ እነሱ እየጠየቁ ያወጡሻል። ስትረጂ ብትጎጂ እንኳ የመንግሥቱ የአደጋ መድን ይሸፍንሻል፤ ይህን ብዙ ሐበሻ አያውቅም።

ባቡሩን በተመለከተ። መንጃ ፈቃድ ለማውጣት የመጀመሪያ እርዳታ ኮርስ ግዴታ ነው፣ 45 ደቂቃ የሆነ ዘጠኝ ክፍለ ጊዜ። እዚያ ያስተማረን ሰውዬ የነገረን ነገር ከሁሉ በላይ ጠቅሞኛል። በደፈናው "እርዱኝ" ካልሽ ሁሉም ሌላው ይነሳል ብሎ ይጠብቃል። አንዱን በጣትሽ ነጥለሽ ጥሪው። "ዚ ዳ፣ ሚት ዴር ብላውን ያከ! ሩፈን ዚ ቢተ ዲ ፖሊትሳይ!" አንተ ሰማያዊ ጃኬት የለበስከው፣ ፖሊስ ጥራ እንደማለት ነው። የተጠራው ሰው ማምለጫ የለውም፣ ሌሎቹም እሱን አይተው ይነሳሉ። ሁለተኛ፣ የሚሰድብሽን ሰውዬ "ዱ" (አንተ) አትበዪው፣ "ዚ" (እርስዎ) በዪው። "ዱ" ካልሽው ሰዉ የምትተዋወቁ ወይም የባልና ሚስት ጠብ መስሎት ጣልቃ መግባት ያፍራል። "ዚ" ስትዪ የማታውቂው ሰው እንደሆነ ሁሉም ይገባዋል። ለእኛ "አንቱ" ማለት አክብሮት ነው፣ እዚህ ግን እንዲህ ባለ ሰዓት "አላውቅህም፣ አትቅረበኝ" ማለት ነው።

ጋሽ ታክሲ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ልጄ፣ እኔ አሜሪካ 31 ዓመቴ ነው። ሃያውን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ነድቻለሁ።

አንድ ሌሊት ተሳፋሪ መኪና ውስጥ ደበደበኝ። መንገዱ ግራና ቀኝ አፓርትመንት ነው። ጮኽኩ፣ በአማርኛ ጭምር ጮኽኩ። አንድ ሰው አልወጣም። በውስጤ ይህን አገር ረገምኩት። ፖሊስ ግን በአምስት ደቂቃ ውስጥ ደረሰ። ማን ጠራችሁ ስላቸው፣ ከላይ ከመስኮት ሆነው ያዩ ሁለት ሰዎች ደውለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ነው የገባኝ። እኛ አገር ጩኸት ሲሰማ የሚመጣው እግር ነው። እዚህ የሚመጣው ስልክ ነው። መሣሪያ በየኪሱ ባለበት አገር ሰው ቤቱን ዘግቶ ቢደውል ፈሪ ነው አልልም።

ስለዚህ ነገር የተጻፈውን ሳነብ ቆይቻለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 ኒውዮርክ ኪቲ ጄኖቪዝ የምትባል ወጣት በሌሊት በስለት ተወግታ ስትሞት 38 ሰዎች አይተው ዝም አሉ ተብሎ ጋዜጣ ጻፈ። ዓለም ሁሉ የከተማ ሰው ልብ የለውም አለ። ከዓመታት በኋላ ሲጣራ ወሬው በጣም ተጋኖ ነበር፣ ያው ጋዜጣም አምኗል። ከመስኮት ሆኖ ገዳዩ ላይ የጮኸ ሰው ነበር፣ አንዲት ጎረቤቷም ደረጃውን ወርዳ አምቡላንስ እስኪመጣ አቅፋት ነበር። ያን ጊዜ ደግሞ 911 የሚባል ቁጥር አልነበረም፤ የመጀመሪያው የ911 ጥሪ የተደረገው በ1968 ነው።

በዚያው ዓመት ላታኔ እና ዳርሊ የሚባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሰዎችን ክፍል ውስጥ አስቀምጠው ጭስ ለቀቁ። ብቻውን ከነበረው ከመቶ 75 ወጥቶ ተናገረ። እንዳላየ የሚሆኑ ሁለት ሰዎች አብረውት ሲቀመጡ ግን የተናገረው ከመቶ 10 ብቻ ነው። ልጄ፣ ያንቺ አሥራ አራት ሰዎች እነዚህ ናቸው። እያንዳንዱ በአሥራ ሦስቱ ፊት ላይ ምንም ስላላየ ምንም የለም ብሎ ተቀመጠ።

ሌላ ደግሞ አለ፣ ይሄ ያጽናናሽ። በ2019 የወጣ ጥናት አምስተርዳም፣ ላንካስተርና ኬፕታውን ላይ የመንገድ ካሜራ የቀረጻቸውን 219 ጠቦች አየ። ከአሥሩ በዘጠኙ ቢያንስ አንድ ሰው ገብቶ ለማስቆም ሞክሯል። ሰው በበዛ ቁጥርም አንዱ የመነሳቱ ዕድል ይጨምራል። ስለዚህ ባዶ ፉርጎ ውስጥ እንዳትገቢ፣ ሰው ያለበት ይሻላል።

ቤሩት የነበርኩ

ሁላችሁም የጻፋችሁት ጥሩ ነው፤ ግን ዝም የሚለው ሰው ሁሉ ሌላውን እየጠበቀ አይደለም። አንዳንዱ አፉ ተዘግቶ ነው።

ቤሩት አራት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ፓስፖርቴ ማዳም ጋ ነበር። ከታች ፎቅ ሌላ የአገሬ ልጅ ነበረች። ማታ ማታ ስታለቅስ በበረንዳው በኩል እሰማታለሁ። "አይዞሽ" ለማለት እንኳ ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነበር። ለማን ልናገር? እኔ ራሴ ከዚያ ቤት ከወጣሁ ሕገወጥ ነኝ፣ ወረቀቴ የታሰረው ከአሠሪዬ ጋር ነው። ከፋላ የሚሉት ይሄ ነው። አንድ ቀን ድምፅዋ ጠፋ። ወደ ሌላ ቤት ወስደዋት ይሁን ወደ አገሯ ልከዋት እስካሁን አላውቅም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ቤሩት ቆንስላችን በር ላይ ዓለም ደቻሳ የምትባለውን እህታችንን አንድ ሰው መኪና ውስጥ እየጎተተ ሲከታት የተቀረጸውን ቪዲዮ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። በዙሪያዋ ሰው ነበር። በሳምንታት ውስጥ ሆስፒታል ሆና ሕይወቷ አለፈ። እኔ ያን ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ማየት አልቻልኩም። ግን አንድ ሰው ባይቀርጸው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? አንቺ ጀርመን ነሽ፣ መናገር ትችያለሽ፣ ቁጥሩን ደውለሽ የሚያነሳ አለ። ያን በረከት ተጠቀሚበት።

ሜክሲኮ አደባባይ (አዲስ አበባ)

አገር ቤት ያለነውን ከልክ በላይ አታመስግኑን። ባለፈው ዓመት ቀለበት መንገድ ላይ አንድ ልጅ ተገጭቶ ወድቆ ደርሻለሁ። ሰው በብዛት ከቦታል፣ ከግማሽ በላዩ ግን ስልክ አውጥቶ እየቀረጸ ነው። ሆስፒታል እናድርሰው ስል አንዱ "ተው፣ አንተ ነህ የገጨኸው ይሉሃል" አለኝ። ይሄ ፍርሃት መሠረት የለውም አልልም። ያነሳ ሰው መኪናው ተይዞ ቃል ስጥ፣ ምስክር ሁን እየተባለ ሲመላለስ አይቻለሁ። በመጨረሻ አንድ የላዳ ሹፌርና እኔ ነን ያነሳነው። ልጁ ተርፏል።

የእኛም ሕግ ዝም አላለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 575፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ መርዳት እየቻለ በሕይወቱ ላይ ከባድ አደጋ የመጣበትን ሰው የተወ ይቀጣል። ስንቶቻችን እናውቀዋለን? የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን እንኳ ከተሰበሰበው ሰው ያወቁት ሁለት ናቸው።

ጋሉስ ያለሁ (ፍራንክፈርት)

ያንቺው ከተማ ነኝ። ፍራንክፈርት ሰው የለውም እንዳትዪ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2019 ዋናው ባቡር ጣቢያ ላይ አንድ የስምንት ዓመት ልጅና እናቱ ባቡር ፊት ሲገፈተሩ፣ ልጁ ሞተ፣ ያደረገው ሰው ሮጦ ሲያመልጥ እየተከተሉ ለፖሊስ ያስያዙት መንገደኞች ናቸው። ሰውዬው የኤርትራ ተወላጅ ስለነበር ያኔ እኛ ሐበሾች ባቡር መሳፈር ፈርተን ነበር። ባቡር መስመር 7 ላይ አበባ ላስቀምጥ ስሄድ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ አንዲት ሴት ሻማዋን ሰጠችኝ።

አሁን ወደ ጉዳይሽ። መስደብ እዚህ ወንጀል ነው፣ ለመክሰስ ሦስት ወር አለሽ። ግን ነገ ዛሬ አትበዪ፣ የባቡሩ ካሜራ ቅጂ ብዙ አይቆይም። የሄሰን ፖሊስ በኢንተርኔት አቤቱታ ይቀበላል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የተሳፈርሽበትንና እሱ የወረደበትን ጣቢያ ጻፊ። አሮጊቷን ካገኘሻቸው ምስክር ይሆኑሻል። በር አጠገብ ከሹፌሩ ጋር የሚያነጋግር ቁልፍ አለ፣ ነገ ስትሳፈሪ የት እንደሆነ እይው።

ኮልፌ ያደግኩ (ፍራንክፈርት)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የቤሩቷ እህቴ፣ ያንቺን ደጋግሜ አነበብኩት፣ አለቀስኩም።

አቤቱታውን ትናንት ማታ አስገብቻለሁ። ቪዲዮው ይኑር አይኑር ገና አልነገሩኝም። ዛሬ ጠዋት በዚያው ደረጃ ላይ አንዲት ሴት ግድግዳ ተደግፋ ቁጭ ብላ አየሁ። ልቤ እየመታ ጠጋ አልኩና ጠየቅኳት። "ደህና ነኝ፣ ደክሞኝ ነው" አለችኝና አመሰገነችኝ። ይኸው ነው። ሥራ አምስት ደቂቃ አረፈድኩ።

የኑርንበርጉ ወንድሜ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ክፍሌ ውስጥ ጮክ ብዬ እየተለማመድኩ ነው። አብራኝ የምትኖረው ልጅም ጀምራለች። ኮርሱን ግን መንጃ ፈቃድ ሳላወጣ መውሰድ እችላለሁ? የትስ ነው የሚሰጠው?

19 ዓመት በኑርንበርግ

ማንም መውሰድ ይችላል። ቀይ መስቀል አለ፣ ዮሐኒተርና ማልተዘር የሚባሉ የእርዳታ ድርጅቶችም ይሰጣሉ። ብዙ ጊዜ ቅዳሜ በአንድ ቀን ያልቃል። አብራሽ የምትኖረውንም ይዘሻት ሂጂ፣ ልምምዱ ላይ ሁለት ሁለት እየሆኑ ነው የሚሠሩት።