ጎንደር ለሚመጣ አንባቢ፦ መጽሐፍ ከየት ይገዛ?

ወደ ጎንደር የሚመጡ ወዳጆቼ «ጥሩ መጽሐፍ ቤት የቱ ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሴ እንደ ፍላጎታቸው ይለያያል። በቅድሚያ ግን አቋሜን ልናገር፦ አዲስ የወጣ ልብ ወለድ ፍለጋ እዚህ ድረስ መድከም አያስፈልግም። አሳታሚዎቹም አከፋፋዮቹም በብዛት አዲስ አበባ ስላሉ፣ አዲስ ኅትመት እዚያ ቀድሞ ይገኛል፤ ምርጫውም ሰፋ ያለ ነው። ከጎንደር ሊገዛ የሚገባው የአብነት (የቤተ ክርስቲያን ባህላዊ) ትምህርት መጽሐፍና ከገበያ የጠፋ የቆየ እትም ነው።

የመጀመሪያ ጥቆማዬ በአብያተ ክርስቲያናት ደጃፍና አካባቢ ያሉት አነስተኛ የመንፈሳዊ መጻሕፍት መሸጫዎች ናቸው። የአቋቋም (የቤተ ክርስቲያን ዝማሬና ሽብሸባ ትምህርት) ማስመስከሪያው፣ ማለትም ተማሪው የመምህርነት ምስክር የሚቀበልበት፣ በአታ ለማርያም የሚገኘው በዚህች ከተማ ነው፤ ላይ ቤትና ታች ቤት የሚባሉት የመጻሕፍት ትርጓሜ ስልቶችም መነሻቸው ጎንደር ነው። ስለዚህ ጧፍ፣ ዕጣን፣ መቋሚያና ጸናጽል ከሚደረደርበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ከዳዊትና ከውዳሴ ማርያም አልፎ አንድምታ ትርጓሜና የግእዝ ሰዋስው የሚጠይቅ ደንበኛ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ የወንጌል አንድምታ ፈልጌ ስጠይቅ፣ ሻጩ ዋጋ ከመናገሩ በፊት «ለቤት ነው ወይስ ለጉባኤ?» አለኝ። ለጉባኤ፣ ማለትም ለአብነት ትምህርት ቤት፣ ከሆነ መጽሐፉ በየቀኑ ስለሚገለጥ ጥራዙ በክር የተሰፋውን፣ ለቤት ከሆነ ግን በሙጫ የተጣበቀውንና ረከስ ያለውን ሊሰጠኝ ነበር። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በሌላ መደብር ተጠይቄ አላውቅም። ሁለቱንም እየገለጠ ጀርባቸውን አሳየኝና የተሰፋውን ገዛሁ፤ ዛሬም አንድ ቅጠል አልተነቀለበትም። ከቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ሰዓት በኋላ መሄድ ይሻላል፤ ከዚያ በፊት ሻጩ ራሱ ማኅሌት ላይ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ፒያሳ ነው። ጣሊያን በ1930ዎቹ መጀመሪያ በሠራቸው ሕንፃዎች ዙሪያ ባሉት ሱቆች በብዛት የሚገኙት የተማሪ አጋዥ መጻሕፍት፣ መዝገበ ቃላትና የትርጉም ሥራዎች ናቸው፤ ደብተርና እስክርቢቶ ከመጽሐፉ ይልቅ ቦታ ይይዛሉ። እኔን የሚስበኝ ሱቁ ሳይሆን በእግረኛ መንገድ ዳር ላስቲክ አንጥፎ ያገለገሉ መጻሕፍት የሚሸጠው ሰው ነው። በእርሱ ዘንድ በደርግ ዘመን የታተመ፣ የቀድሞ ባለቤቱ ስምና የገዛበት ቀን በመጀመሪያው ገጽ የተጻፈበት መጽሐፍ ይገኛል። በጀርባው ላይ የታተመው ዋጋ ዛሬ ለአንድ ስኒ ቡና የማይበቃ ቢሆንም፣ ሻጩ የሚጠራው ሌላ ነው። በአዲስ መጽሐፍ ላይ ብዙ መከራከር አይጠቅምም፤ በአሮጌ ላይ ግን ያለ ክርክር መግዛት ሻጩንም ቅር ያሰኘዋል።

ከመክፈል በፊት ገጾቹን መቁጠር ግድ ነው። አንድ ቀን ስሙን ከማልጠራው ሱቅ የታሪክ መጽሐፍ ገዝቼ ወደ ባሕር ዳር ስጓዝ፣ አዲስ ዘመን ከተማን ሳልፍ ከገጽ 128 ቀጥሎ 145 መጣብኝ፤ አንድ ሙሉ ጥራዝ፣ አሥራ ስድስት ገጽ፣ ጠፍቷል። ስመለስ ሻጩ «ሲታተም ነው» ብሎ ሸኘኝ። መጽሐፉ በፎቶኮፒ የተባዛ መሆኑን የተረዳሁት በኋላ ነው፦ ፊደሉ ዳር ዳሩ ደብዝዟል፣ የሽፋኑ ፎቶግራፍ ጠቁሯል፣ የማተሚያ ቤቱ ስም ያለበት ገጽም የለውም። እነዚህን ሦስቱን ያየ ገዢ እጁን ይሰብስብ፤ ደራሲው ከዚያ ሽያጭ ሳንቲም አያገኝም።

በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በር ላይ ያሉትን በአጭሩ ልለፋቸው። በማራኪ በኩል የሕግና የማኅበራዊ ሳይንስ፣ በሕክምናው ግቢ በኩል የጤና መጻሕፍት ይጠየቃሉ፤ አብዛኞቹ ግን ጽሑፍ ማባዣ ቤቶች ናቸው፤ ለተጓዥ የሚሆን ነገር አላገኘሁባቸውም።

በብራና ጉዳይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። ለቱሪስት የሚሸጥ አዲስ የተጻፈ ትንሽ የብራና መጽሐፍ አለ፤ እርሱን መግዛት ነውር የለውም። ሻጩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጥንታዊ ነው» ካለ ግን መራቅ ነው፤ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። ጎንደር በዚህ ረገድ ቁስሏ አልሻረም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከአብያተ ክርስቲያናቷ ሰብስበው ወደ መቅደላ ከወሰዷቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን በ1860 የእንግሊዝ ጦር ይዞ ሄዷል፤ ዛሬ ከመቅደላ የተወሰዱ ከ300 በላይ የብራና መጻሕፍት ለንደን ይገኛሉ። በፋሲል ግቢ የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት የሚባለውን ሕንፃ የሚጎበኝ ሰው መደርደሪያ ቢፈልግ አያገኝም።

ጊዜን በተመለከተ፣ በከተራና በጥምቀት ቀናት መጽሐፍ አስቦ መምጣት አይበጅም። ከጥር 13 በኋላ መንገዱ ረገብ ይላል። በሐምሌና በነሐሴ የላስቲኩ ሰው ዝናብ ስለሚያባርረው እምብዛም አይታይም። ሁለት ወይም ሦስት ቀን የሚቆይ ተጓዥ በደረሰበት ዕለት የሚፈልገውን መጽሐፍ ርእስ በወረቀት ጽፎ ለላስቲኩ ሰው ይስጠው፤ ከጓደኞቹ ክምር ፈልጎ በማግስቱ ያመጣለታል። ለእኔ ሁለት ጊዜ እንዲህ አምጥቶልኛል፤ በሦስተኛው የተሳሳተ ቅጽ አመጣ፤ እርሱንም ገዛሁት።