አስቸኳይ፦ የጉማራ ተፋሰስ ሦስት ፒክስል ብቻ ሆኖ ይወጣብኛል

ማሂ_ውሃ · ማታ 2:10
ሰላም ቤተሰብ። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ላይ ተገትሬ ጭንቅላቴ አልሠራ ብሏል። የጉማራን ወንዝ ተፋሰስ ከዴም (የመሬቱ ከፍታ ፒክስል በፒክስል ከተጻፈበት ካርታ) እያወጣሁ ነው፤ በካርታ ሶፍትዌሩ በኪውጂአይኤስ፣ ግራስ ውስጥ ባለው አር.ዋተርሼድ በሚባለው መሣሪያ። አውትሌቱን (የተፋሰሱ ውሃ የሚወጣበትን ነጥብ) ከባሕር ዳር ጎንደር መንገድ ላይ ድልድዩ ጋ ነው ያደረግሁት፤ ሳተላይት ምስል ላይ ድልድዩን አይቼ ኮኦርዲኔቱን ወሰድኩ። የሚወጣው ሦስት ፒክስል ነው። ሦስት! ነጥቡን ትንሽ ሳነቃንቀው ደግሞ እንደ አይጥ ጭራ የቀጠነ ነገር ይሰጠኛል። አኩሙሌሽኑም (የውሃ ክምችት ቆጠራው) የተበላሸ ይመስለኛል፣ ወንዙ ላይ ቁጥሩ ሁሉ ማይነስ ነው። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ካርታውን ይዤ አማካሪዬ ፊት መቅረብ አለብኝ። የምታውቁ እባካችሁ።

ቢኒ_ጂአይኤስ · 2:14
ፊል ሲንክ አድርገሻል? ዴሙ ላይ ያሉት ጉድጓዶች ካልተሞሉ ውሃው እዚያው ገብቶ ይቀራል። መጀመሪያ ፊል፣ ከዚያ ፍሎው ዳይሬክሽን (ውሃው የሚሄድበት አቅጣጫ)፣ ከዚያ አኩሙሌሽን።

ጠጅ_ሳር · 2:15
በ30 ሜትር ፒክስል ሦስቱ 2,700 ካሬ ሜትር መሆኑ ነው። ጉማራን የሚያህል ወንዝ ጓሮ አደረግሽው እኮ! አይዞሽ ማሂዬ፣ ይፈታል።

ጋሽ_ኮንቱር · 2:31
ልጄ፣ መሣሪያውን ከመውቀስሽ በፊት ምን ብለሽ እንደጠየቅሽው እንይ። እኛ ተፋሰስ የምናወጣው 1:50,000 ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ በየ20 ሜትሩ የተሰመረውን ኮንቱር እያነበብን፣ የተራራውን ጀርባ ጀርባ በእርሳስ ተከትለን ነበር። ቀን ይፈጃል፤ ግን መስመሩ በየት በየት እንደዞረ እጅሽ ያውቀዋል። ኮምፒውተሩ ግን የሚያየው ቁጥር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ፒክስል ስምንት ጎረቤት አለው፤ በቀላሉ ለመናገር፣ ከስምንቱ ይበልጥ ቁልቁል ለሆነው ለአንዱ ውሃውን ይሰጣል። አኩሙሌሽን ማለት አንድ ፒክስል ከላዩ ከስንት ፒክስል ውሃ እንደሚቀበል የተቆጠረበት ነው። ተፋሰስ ስትጠይቂ ደግሞ መንገዱን ወደ ላይ ትመለሽበታለሽ፦ ለዚህ ፒክስል ውሃ የሚሰጡት እነማን ናቸው? እንግዲህ ነጥብሽ ከወንዙ አንድ ፒክስል ከወጣ የጠየቅሽው ዳር ላይ የበቀለውን ሣር ነው። ሣሩ ደግሞ ሦስት ጎረቤት አሉኝ ብሎ መለሰልሽ። አልዋሸሽም።
ሌላም ነገር ልብ በይ። ከጠፈር በራዳር የተለካው ዴም፣ ኤስአርቲኤም ከሆነ የያዝሽው፣ ራዳሩ ያየው ባዶውን መሬት ብቻ አይደለም፤ ዛፉንም ጭምር ነው። ደቡብ ጎንደር ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ደን ዴሙ ላይ ጉብታ መስሎ ቁጭ ይላል። ትንንሾቹ ጅረቶች እዚያ ሲደርሱ ዞር ብለው ቢሄዱ ኮረብታ ያለ እንዳይመስልሽ።

ቢኒ_ጂአይኤስ · 2:33
ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ ግን ፊል ካልተደረገ የቀረው ሁሉ ድካም ነው። ማሂ ፊል አድርጊና ውጤቱን ንገሪን።

ፎገራዬ · 2:40
እኔ ያልገባኝ ድልድዩ ላይ መቁረጡ ለምን አስፈለገ? ጉማራ እኮ የሚገባው ጣና ነው። የእኛ የሩዝ ማሳ ከድልድዩ በታች ነው፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው የሚተኛብንም እዚያው ነው። የጉማራ ተፋሰስ ብለሽ ፎገራን ካስቀረሽ የማንን ጉማራ ነው የምታጠኚው?

ማሂ_ውሃ · 2:46
እውነትህን ነው ወንድሜ። ግን የፍሰት መለኪያ ጣቢያው ድልድዩ ጋ ነው፤ ያለኝም የየቀኑ ፍሰት የዚያ ቦታ ነው። ሞዴሌን የማስተያየው ከእሱ ጋር ስለሆነ ተፋሰሱም እዚያው ላይ ማለቅ አለበት።
ቢኒ፣ ፊል አደረግሁ። አሁን አምስት ፒክስል ሆነ።

ፎገራዬ · 2:49
እሺ፣ ምክንያትሽ ገባኝ። ብቻ ከድልድዩ በታች ያለውን የወንዝ መስመር አትመኚው። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ሶፍትዌሩ ቀጥ ቀጥ ያሉ፣ በማበጠሪያ የተበጠሩ የሚመስሉ መስመሮች ያወጣል። እዚያ ያለው ውሃ ደግሞ ሞልቶ ሲወጣ በአንድ መስመር አይሄድም፣ ማሳውን ሁሉ ይለብሰዋል።

ዴልፍት_ነኝ · 2:58
ማሂ፣ አር.ዋተርሼድ ፊል አይፈልግም። ጉድጓድ ሲያጋጥመው ቀላሉን መውጫ ፈልጎ ውሃውን ያሻግረዋል። ፊል የሚያስፈልገው ለሌሎቹ መሣሪያዎች ነው። ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ዴም ተመለሽ።
ችግርሽ ጋሽ ኮንቱር ያሉት ነው። የሳተላይት ምስሉ የቅርብ ነው፣ ኤስአርቲኤም የተነሳው በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 2000 ነው። በዚያ ላይ ፒክስሉ 30 ሜትር ስለሆነ ዓይንሽ የሚያየው ወንዝና ዴሙ ውስጥ ያለው ወንዝ ሁለት ሦስት ፒክስል ቢለያዩ አይግረምሽ። እንዲህ አድርጊ፦ አኩሙሌሽኑን ክፈቺ፣ ድልድዩ አካባቢ ዙም አድርጊና በአይደንቲፋይ (ሲነኩት የፒክስሉን ቁጥር በሚያሳየው ቁልፍ) ፒክስሎቹን አንድ በአንድ ንኪያቸው። ማይነሱን ለጊዜው ተይው፣ ቁጥሩን ብቻ እዪ። ዳር ዳሩን 3፣ 11፣ 40 እያለሽ ይሄድና አንዱ ላይ ስትደርሺ ድንገት መቶ ሺዎች ውስጥ ይገባል። ወንዙ እሱ ነው። የዚያን ፒክስል መሃል ኮኦርዲኔት ወስደሽ ከነጥቡ በላይ ያለውን ተፋሰስ ለሚቆርጠው ለአር.ዋተር.አውትሌት ስጪው።

ማሂ_ውሃ · 3:20
ወጣ!!! እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ። ወንዙ ከነጥቤ ሁለት ፒክስል ወደ ሰሜን ነበር። እዚያ ላይ ያለው ቁጥር ማይነስ 914,600 ነው፤ በ900 ካሬ ሜትር ሳባዛው 823 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። አሁን ቆንጆ ተፋሰስ ሆኗል። ማይነሱን እንዴት ነው የማጠፋው? የወንዝ መረቡስ? ትሬሽሆልዱን (ወንዝ ለመባል የሚያስፈልገውን ትንሹን የፒክስል ብዛት) 100 ሰጥቼው መሬቱ በሙሉ ወንዝ ሆነብኝ።

ቢኒ_ጂአይኤስ · 3:23
ማይነሱ ቀላል ነው። አር.ዋተርሼድ መስኮት ውስጥ አኩሙሌሽኑን ሁሌ ፖዘቲቭ የሚያደርግ ሳጥን አለ፣ እሱን ምልክት አድርጊበት። እኔ ሁሌም የማደርገው ነው።

ጋሽ_ኮንቱር · 3:29
100 ፒክስል ማለት 9 ሄክታር ነው ልጄ። ከ9 ሄክታር የሚወርደው ውሃ ቦይ እንጂ ወንዝ አይባልም። በዚህ ፒክስል አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር 1,111 ያህል ነው። 1,000 ሞክሪ፣ 3,000 ሞክሪ፣ 5,000 ሞክሪ፤ ከዚያ የወንዙን ራስ 1:50,000 ካርታ ላይ ካለው ሰማያዊ መስመር ጋር አስተያዪው። ትክክለኛው ቁጥር ከአገር አገር ይለያያል፣ ማንም ከመጽሐፍ አውጥቶ ሊሰጥሽ አይችልም።

የጉና_ልጅ · 3:41
ማሂ፣ እንኳን ደስ ያለሽ ከማለቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የጉና ተራራ ካርታሽ ላይ አለ?
ይህን የምልሽ ያደግሁት እዚያው ስለሆነ ነው። ታች ቆላው ላይ ፀሐይ ጠራርጎ፣ አንድ ጠብታ ሳይጥል፣ ጉማራ ግን ቡን ያለ ቀይ ውሃ፣ ግንድና ሣር ተሸክሞ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዝናቡ የጣለው ላይ ጉና ነው። አንቺ ያወጣሽው 823 ነው፤ ያ ጣቢያ ያለበትን ተፋሰስ ያጠኑ ሰዎች ግን 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው የሚሉት። ከሲሶ በላይ የት ሄደ? ያወረድሽው ታይል (የዴሙ አንድ ቁራጭ) የትኛው ነው? የተፋሰስሽ የምሥራቅ ጠርዝስ ምን ይመስላል?

ማሂ_ውሃ · 3:47
ታይሉ ኤን11ኢ037 ነው። ድልድዩ በውስጡ ስላለ አንዱ ይበቃኛል ብዬ ነው። ምሥራቁ... ቀጥ ያለ ነው። በማስመሪያ የተሰመረ ይመስላል። አሁን ነው ልብ ያልኩት።

የጉና_ልጅ · 3:55
በቃ ተገኘ። የታይሉ ስም የሚነግርሽ የግራውን የታች ጥግ ነው። ኤን11ኢ037 ከ11 እስከ 12 ዲግሪ ሰሜን፣ ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ምሥራቅ ይሸፍናል። ጉና 38.2 ዲግሪ አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር ራሷ 38ን አለፍ ብላ ነው ያለችው፤ ካርታሽ ላይ ብትፈልጊያት አታገኚያትም። በዴምሽ ውስጥ ከፍተኛውን ቁጥር እዪው፤ ጉና ከ4,100 ሜትር በላይ ነው፣ አንቺ ግን 4,000 የሚደርስ ነገር አታዪም።
አሁን ዋናው ነገር፦ ያንን ሳጥን አትንኪው። ቢኒ ይቅርታ አድርግልኝ፣ አንተም ለመርዳት ብለህ ነው። አር.ዋተርሼድ ቁጥሩን ማይነስ ሲያደርገው «ለዚህ ፒክስል ከካርታው ውጪ የሚመጣ ውሃ ሊኖር ይችላል፣ የቆጠርኩት ሊያንስ ይችላል» እያለሽ ነው። ዛሬ ማታ እዚህ ከተጻፈው ሁሉ እውነቱን መጀመሪያ የነገረሽ ያ ማይነስ ነው፤ በመጀመሪያው መልእክትሽ ጽፈሽው ነበር፣ ሁላችንም አልፈነው ሄድን። ሳጥኑን ምልክት ብታደርጊበት 823ቱ ያው 823 ሆኖ ይቀራል፣ ማስጠንቀቂያው ግን ይጠፋል። ከዚያ ያን ሁሉ የጉና ዝናብ ከሌለ መሬት ላይ እንደወረደ ቆጥረሽ ሞዴሉን ስታስተካክዪ ትከርሚ ነበር።
ኤን11ኢ038ን አውርጂ። ሲዘረገፍ 26 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ ብዙ አይደለም። ሁለቱን መጀመሪያ አዋህጃቸው፣ ከዚያ ነው በሜትር ወደሚለካው ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ በመለያ ቁጥሩ ኢፒኤስጂ 32637 የምትቀይሪው። ስትቀይሪ ባይሊኒየር (ከጎረቤት ፒክስሎች አማካይ የሚወስደውን) ምረጪ፤ ኒረስት ኔበር (የቅርቡን ፒክስል ብቻ የሚገለብጠው) ከሆነ ዴሙ ላይ መስመር መስመር ይወጣና ጅረቶቹ እሱን ተከትለው ይሄዳሉ። ከዚያ አር.ዋተርሼድን እንደገና አስኪጂ። ድልድዩ ላይ ቁጥሩ ፖዘቲቭ ሆኖ ከመጣ ተፋሰሱ ሙሉ ነው። አሁንም ማይነስ ካለ በሌላ በኩል ተቆርጧል ማለት ነውና የጎደለውን ታይል ጨምሪ።

ጠጅ_ሳር · 3:58
ጉና ሲጠፋ ማንም አልነቃም፣ ልጁ መጣና አስታወሰን! ምርጥ።

ዴልፍት_ነኝ · 4:02
የጉና ልጅ ልክ ነው፣ ማይነሱን ተይው ያልኩት እኔ ነኝ፤ መጠየቅ ነበረብኝ። ማሂ፣ ሁለቱ ታይሎች ከተዋሃዱ በኋላ የአውትሌቱን ፒክስል እንደገና አረጋግጪ። ዩቲኤም ሲቀየር ፒክስሎቹ ትንሽ ስለሚንሸራተቱ የቅድሙ ኮኦርዲኔት ወንዙን ሊስተው ይችላል።

ማሂ_ውሃ · 4:09
እያወረድኩ ነው፣ 40 በመቶ ላይ ነው። መብራት አሁን ሄደ፣ ላፕቶፑ 31 በመቶ አለው፣ ዳታው የስልኬ ነው። ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። እንደጨረስኩ ቁጥሩን እዚሁ እጽፋለሁ።

ቢኒ_ጂአይኤስ · 4:12
ፊል ባታደርጊም አይጎዳሽም፣ ዴልፍት ልክ ነው። በርቺ።

ጋሽ_ኮንቱር · ጠዋት 2:20
ልጄ ማሂ፣ ደረሰልሽ? ስንት ካሬ ኪሎ ሜትር መጣ?

ፎገራዬ · ከሰዓት 9:05
ማሂ እኛም እየጠበቅን ነው።

ቢኒ_ጂአይኤስ · ማታ 1:30
ከትናንት ጀምሮ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ባለፈው ዓመት የግልገል ዓባይን ተፋሰስ አውጥቼ ነበር፣ በዚያው በኤን11ኢ037 ብቻ፣ ሳጥኑም ምልክት ተደርጎበት። ዛሬ ሳጥኑን አንስቼ አስኬድኩት፤ ወንዙ ከላይ እስከ ታች ማይነስ ነው። የደቡቡ ጠርዝ 11 ዲግሪ ላይ፣ የምዕራቡም 37 ዲግሪ ላይ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል። ግሽ ዓባይ ምንጩ ራሱ ከ11 ዲግሪ በታች ሰከላ ላይ ነው። ምንጩ የሌለበት የግልገል ዓባይ ካርታ ነው ለሰው የሰጠሁት።

የጉና_ልጅ · ማታ 1:44
ኤን10ኢ037ን፣ ለምዕራቡም ኤን11ኢ036ንና ኤን10ኢ036ን ጨምርበት ቢኒ። ካርታውን ለሰጠኸውም ሰው ዛሬውኑ ደውልለት፣ ሥራ ላይ ሳያውለው ይደርሳል።

ቢኒ_ጂአይኤስ · ማታ 1:46
ደውያለሁ። አሁን እያወረድኩ ነው።