ባለ አንድ ወንበር ቀላል አውሮፕላን ለምን ለምርት አይበቃም?

የአምስት ኪሎዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ፤ ለመመረቂያዬ ባለ አንድ ወንበር ቀላል አውሮፕላን ዲዛይን እያደረግኩ ነው። የአሜሪካው ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ቢዲ-5 በ1971 እ.ኤ.አ. በርሮ በሺዎች የሚቆጠር ኪት (ገዢው ራሱ የሚገጣጥመው የክፍሎች ስብስብ) ተሸጦለታል፤ ፋብሪካ ውስጥ ተገጣጥሞ ሊሸጥ የታሰበው ቢዲ-5ዲ ግን ለምርት ሳይበቃ ቀረ። ጥፋቱ የሞተሩ ነው የወንበሩ? ሁለት ወንበር ላድርገው?

የለገሃሩ መካኒክ (ጡረታ)፦
ልጄ፣ ሞተሩ አለበት። ሞተር ያቀርብ የነበረው የጀርመኑ ሂርት ሲከስር፣ ኪት የገዛው ሰው አካሉን ጋራዥ አስቀምጦ ሞተር ጠባቂ ሆነ። ቢዲ-5ን የሚሠራው ኩባንያም በ1979 እ.ኤ.አ. ከሰረ።

ዋናው ግን ወንበሩ ነው። አስተማሪ የት ይቀመጣል? ተማሪው ገና ሲነሳ ብቻውን ነው፤ የበረራ ትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን አይገዛም። ወጪው ደግሞ አይቀንስም፤ ሞተሩም፣ የክንፍ ጥንካሬ ሙከራውም ለአንድ ሰው ለሁለትም ያው ነው ማለት ይቻላል። አሜሪካኖች በ2004 እ.ኤ.አ. የቀላል ስፖርት አውሮፕላን ደንብ ሲያወጡ እስከ 600 ኪሎና እስከ ሁለት ወንበር ፈቀዱ። ታዲያ ነጋዴ ለምን በአንድ ይወሰናል?

አንቺ ግን ነጋዴ አይደለሽም፤ አንዱን ወንበር አትተዪው። ቦሌ 2,334 ሜትር ላይ ነው። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር እዚህ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል፤ 80 ፈረስ ጉልበት ብለሽ የጻፍሽው 60 ገደማ ይሆናል። አየሩ ስለሚሳሳ መንደርደሪያውም ይረዝማል። በዚህ ከፍታ አንድ ሰው መቀነስ ትልቅ ነገር ነው! የባሕር ወለል ቁጥር ይዘሽ ፈታኞች ፊት እንዳትቀርቢ፣ አደራ።

የፒያሳው፦
ጋሼ ልክ ናቸው። በነገራችን ላይ «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን አስታውሺ፤ በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር እዚሁ አዲስ አበባ ከኢትዮጵያውያን ጋር የሠራት ናት። ጦርነቱ ባይመጣ ተከታይ ይኖራት ነበር ብዬ አምናለሁ። ጣሊያን ወስዷት በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች።

የአምስት ኪሎዋ፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሒሳቡን በእርግጥም በባሕር ወለል ነበር የጀመርኩት። በ2,334 ሜትር፣ በሞቃት ቀን ሙቀት እደግመዋለሁ። ፕሮፔለሩንስ ልቀይር?

የለገሃሩ መካኒክ፦
መጀመሪያ ባዶ ክብደቱንና የክንፉን ስፋት ጻፊልኝ። ፕሮፔለር ከዚያ በኋላ ነው የሚመረጠው።